ስሞቹን መልሱልን፦ የመናፈሻችንን የሰማዕታት በር ላስነሳው ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የመናፈሻችን በር እንዲነሳ ለወሰነው የከተማችን ጽሕፈት ቤት
ደሴ

ጉዳዩ፦ የተነሱት የስም እምነበረዶች ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይህን የምንጽፈው በመናፈሻው ዙሪያ የምንኖር የሰማዕታት ቤተሰቦችና የቀድሞ ሠራዊት አባላት ነን። በወግ በወጉ አመልክተናል። ማመልከቻችን ማኅተም ተመትቶበት መዝገብ ቤት ገብቷል። ገብቶም ቀርቷል። ስለዚህ ነገሩን ከተማው ይስማው ብለን ወደ አደባባይ አወጣነው። የጽሕፈት ቤታችሁን ስም አልጻፍንም። እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። የሌላው ሰው ጉዳይ ደግሞ በሩ ነው።

የሆነው ባጭሩ ይህ ነው። ወደ መናፈሻው የሚያስገባው አሮጌው የብረት በር፣ ሁለቱ የጥርብ ድንጋይ ዓምዶች፣ በዓምዶቹ ላይ የነበሩት የስም እምነበረዶች ለመንገድ ማስፋፊያ ተብለው ተነሱ። «ለጊዜው ነው፣ ሥራው ሲያልቅ ይመለሳሉ» ተባልን። ሥራው አለቀ። መንገዱ ሰፋ። አዲስ በርም ቆመ። እውነት ለመናገር በሩ ያምራል። ማታ ማታ መብራቱ ከሩቅ ይታያል። ሙሽሮችም ፎቶ ይነሱበታል። ስም ግን የለበትም። ቀኙ ዓምድ በነበረበት ቦታ የቲኬት መሸጫ ተተክሏል። ከላዩ የማስታወቂያ ሰሌዳ ተሰቅሏል።

ገና ከመጀመሪያው አንድ ነገር ይታወቅልን። ልማት አልተቃወምንም። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር የተጣበበች ከተማ ናት። ወደ መቀሌ የሚሄደው ከባድ መኪና፣ ባጃጁ፣ እግረኛው፣ ገበያተኛው ሁሉ በአንድ መንገድ ነው የሚጋፋው። መንገዱ መስፋት ነበረበት። ከእኛ መካከል አጥሩ የፈረሰበት ሰው አለ፤ ካሳውን ተቀብሎ ዝም ብሏል። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ስሞቹ የት ገቡ?

በሩን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ እንንገር። በሩን ያሠራው መንግሥት አይደለም። የሰፈሩ ቅሬዎች፣ ማለትም ዕድሮቻችን፣ ናቸው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አዋጥቶ፣ ድንጋዩን ከገራዶ በኩል አስመጥቶ፣ ብረቱን በሰፈር በያጆች አስበይዶ ያቆመው ነው። የሰፈሩ ሰው አሸዋ ተሸክሟል። ሴቶቹ ለሠራተኞቹ ቡና አፍልተዋል። መዝገብ ላይ ያልሰፈረ፣ ግን ሁሉም የሚያውቀው ታሪክ ነው።

በቀኙ ዓምድ ላይ የጣሊያን ጊዜ ሰዎች ነበሩ። ህዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው እዚህ ከተማ ውስጥ ነበሩ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ከዚያ መጋቢት 22 ማይጨው ሆነ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ሚያዝያ 7፣ ጣሊያን ደሴ ገባ። በዚያ ዓምድ ላይ የነበሩት ማይጨው የወደቁት፣ ከዚያም በአምስቱ ዓመት በዱር በገደሉ የቀሩት አርበኞች ናቸው። በሚያዝያ 1933 ኮምቦልቻ ጋራው ላይ በነበረው ውጊያ የወደቁም ነበሩበት። በዚያ ውጊያ ከአዲስ አበባ በኩል የመጣው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድና የእኛ አርበኞች ጎን ለጎን ተዋግተዋል። የደቡብ አፍሪካዎቹን ሟቾች ስም የኮመንዌልዝ የጦር መቃብር ኮሚሽን አንድ በአንድ መዝግቦ ይዟል። የአርበኞቻችንን ስም የያዘልን ግን ያ ዓምድ ብቻ ነበር።

በግራው ዓምድ ላይ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ የዘመቱት ነበሩ። ከእነሱ በታች የኦጋዴን ጦርነት ሰዎች። በ1969 ዓ.ም. ከገጠሩ ወሎ ተመልምለው ታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠኑ ሚሊሻዎችም እዚያው ነበሩ። ካራማራ የካቲት 26 ቀን 1970 ስትያዝ ሬዲዮው ፎከረ፣ ከተማው ጨፈረ። የእነዚህ ልጆች እናቶች ግን ገና አልሰሙም ነበር። በኋላ ደግሞ ባድመን ጨምሮ ከ1990 እስከ 1992 በነበረው ጦርነት ለወደቁት አንድ እምነበረድ ተጨመረ።

አንድ ቤተሰብ አለ። አያትየው በቀኙ ዓምድ፣ ልጅየው በግራው፣ የልጅ ልጁ በጭማሪው ላይ ተጽፈው ነበር። የቀሩት ሴቶች ናቸው። ዛሬም ከመናፈሻው ጀርባ ይኖራሉ።

አሁን ዋናውን እንናገር። ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ መቃብር የላቸውም። መርዶ መጣ፣ አስከሬን አልመጣም። ልቅሶ ተቀመጥን፣ ቀብር አልሄድንም። ማይጨው የወደቀውን ማን ቀበረው? ኦጋዴን በረሃ የቀረውን ማን አፈር አለበሰው? ተዝካር የሚያወጣው ተዝካሩን ካወጣ፣ ሰደቃ የሚያወጣውም ሰደቃውን ካወጣ በኋላ ሄዶ የሚቆምበት ቦታ በሩ ነበር። እናቶች የልጃቸውን ስም በእጃቸው ይዳብሱ ነበር። ፊደል የማያውቁት ሳይቀሩ ስሙ ስንተኛው መስመር ላይ እንደሆነ ቆጥረው ይዘውታል። ለእናንተ የመግቢያ በር ነበር። ለእነሱ መቃብር ነበር። ይህን የማያውቅ ሰው ቢያስነሳው አንፈርድበትም። እናንተ ግን ከመነሳቱ በፊት ተነግሯችኋል።

በጥቅምት 2014 ከተማችን በጦርነቱ የተያዘች ጊዜ ሆስፒታሉ ተዘረፈ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ። ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። ህዳር 27 ከተማዋ ከተለቀቀች በኋላ የተመለሰው ሰው መጀመሪያ ቤቱን፣ ቀጥሎ በሩን ሄዶ አየ። ቆሟል። ጦርነት ያላፈረሰውን በር በሰላም ቀን እስካቫተር አፈረሰው። ይሄ ነው የሚያንገበግበን።

ቅሬታዎቻችን እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ማንም አልጠየቀንም። «ሕዝብ ተወያይቷል» የሚል ወረቀት እንዳላችሁ ሰምተናል። ውይይቱ የት ተደረገ? ማን ተጠራ? የቅሬ ዳኞቹን ጠይቀናል፤ አንዳቸውም አልተጠሩም። የሰፈራችን አንዲት እናት ሰኞ ገበያ ለመሄድ በማለዳ ስትወጣ ዓምዱ ፍርስራሽ ሆኖ አገኘችው። ዘንቢሏን አስቀምጣ እዚያው መንገድ ዳር ቁጭ አለች። ወጣቶች ናቸው ደግፈው ወደ ቤቷ የመለሷት። ከሠራተኞቹ አንዱ ነገሩ ገብቶት እምነበረዶቹን በጆንያ ጠቅልሎ ለየብቻ አኖረልን። አለቆቹ ያላሰቡትን እሱ አሰበው። ስሙን አናውቀውም፣ ግን እናመሰግነዋለን።

ሁለተኛ፣ የእምነበረዶቹ አያያዝ። ዛሬ ያሉት አንድ መጋዘን ውስጥ ነው። ከተሰባበረ ወንበር፣ ከአሮጌ ባነር፣ ከቀለም ጣሳ ጋር ተደባልቀዋል። አንዱ ለሁለት ተሰንጥቋል። የግራው ዓምድ እምነበረድ ጫፉ ተሸርፏል፤ ከስሞቹም የአባት ስም የሄደባቸው አሉ። ወለሉ እርጥብ ነው። የደሴን ክረምትና ጉም ለእናንተ አንነግራችሁም። ስንጠይቅ «ንብረቱ ተጠብቋል» ተባልን። እሺ፣ ከተጠበቀ ገቢ የተደረገበት ሞዴል 19 የታል? ለአንድ የፕላስቲክ ወንበር ሞዴል ቆርጦ የሚያስገባ ቤት ለሰማዕታት ስም አንዲት ወረቀት አልቆረጠም። ነገ ቢጠፋ ማን ይጠየቃል? በሰነድ ያልገባ ነገር ሲወጣም ሰነድ አያስፈልገውም። ይህን እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኛም መንግሥት ቤት ሠርተን ነው ጡረታ የወጣነው።

የብረት በሩስ? ሁለቱ ተካፋቾች መጋዘኑ ውስጥ የሉም። አንዱ ወገን «ለሌላ ግቢ ተሰጡ» ይላል። ሌላው «ከቁርጥራጭ ብረት ጋር በጨረታ ወጡ» ይላል። ማንንም ሌባ አላልንም። ተሰጥተው ከሆነ ወጪ የተደረጉበት ሞዴል 22 ይታይ። ተሸጠው ከሆነ የጨረታው ቃለ ጉባኤ ይታይ። ከሁለቱ አንዱ መኖር አለበት።

ሦስተኛ፣ ነገሩ በእስካቫተር አልጀመረም። ከመፍረሱ ቀደም ብሎ ለአንድ በዓል ዝግጅት ተብሎ ዓምዶቹ ቀለም ተቀቡ። ቀለም ቀቢው እምነበረዱንም አብሮ ቀባው። የእነዚያ ስሞች ፊደል በመሮ ተፈልፍሎ ጥቁር የገባበት ነው። ዘይት ቀለም ሲፈስበት ጎድጓዳው ይደፈናል። ከሩቅ ያየው ሰው ባዶ ሰሌዳ ነው የሚመስለው። «ይጽዳልን» ስንል ደግሞ በአሲድ ሊያጥቡት መጡ። ሮጠን አስቆምናቸው። አሲድ እምነበረድን ይበላል። ይህን ማንኛውም እምነበረድ ቆራጭ ይነግራችኋል። ቀለሙ በማስለቀቂያ ተርሶ፣ በእንጨት ስንጥር ፊደል በፊደል ነው የሚወጣው። ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ብር አይፈልግም። የቀኙን ዓምድ ግማሽ የሰፈሩ ልጆች እንዲህ አድርገው አጽድተውት ነበር። የቀረውን ሳይጨርሱ ፈረሰ።

አራተኛው ላይ ትንሽ እንቆያለን፤ ከሁሉም የከበደን እሱ ነው።

ከእናንተ አንዱ፣ ስማቸውን አንጠራም፣ ተወካዮቻችን ቢሯቸው በገቡበት ጊዜ «ለመሆኑ እነዚህ የየትኛው መንግሥት ወታደሮች ናቸው?» ብለው ጠየቁ። ቀጥለውም የደርግ ወታደር ስም በከተማ አደባባይ ላይ መኖሩ ጥያቄ ሊያስነሳ እንደሚችል ነገሩን። እዚያ ቢሮ ውስጥ ኦጋዴን እግሩን ያጣ ሰው ቆሞ ነበር። ወንበር እንኳ አልተሰጠውም።

ለጥያቄው መልስ አለን። ማይጨው የወደቀው የጃንሆይ ወታደር ነው። ካራማራ የወደቀው የደርግ ወታደር ነው። ባድመ የወደቀው የኢሕአዴግ ወታደር ነው። መንግሥቶቹ እርስ በርሳቸው ተገለባብጠዋል። አንዱ የሌላውን ሐውልት አፍርሷል፣ አንዱ የሌላውን ባንዲራ አውርዷል። ልጆቹ ግን ከአንድ ሰፈር የወጡ ናቸው። በአንድ ቧንቧ ውሃ የቀዱ፣ በአንድ ትምህርት ቤት የተማሩ። አብዛኞቹ ማን ሥልጣን ላይ ይቀመጥ ተብለው ተጠይቀው አያውቁም። ተጠሩ፣ ሄዱ፣ አልተመለሱም።

በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ምን እንደሆነ ይህ ከተማ አይቷል። ዕድሜ ልኩን ያገለገለ ሰው በአሮጌ ካፖርት መንገድ ዳር ቆሞ ለመነ። «የደርግ ወታደር» የሚለው ስድብ ሆነ። ያን ጊዜ ከባድ ነበር፤ በሩን ግን ማንም አልነካውም። ፓርቲም ሆነ ካድሬ መጥቶ «ይህን ስም ፋቁ» አላለንም። ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል ዘመን አልፎ፣ ያኔ ያልተወለደ ኃላፊ ይህን ጥያቄ ማንሳቱ ገርሞናል። ለሕያዋኑ የሥርዓት ታርጋ ለጥፋችሁባቸው ከሆነ ይሁን፤ ለምደነዋል። ለሙታኑ ግን አትለጥፉባቸው።

አምስተኛ፣ ቲኬቱ። መናፈሻው ለጽዳቱና ለአትክልተኛው ገቢ እንደሚያስፈልገው ይገባናል። ነገር ግን የልጇን ስም ልትሳለም የምትመጣን እናት ትኬት ማስቆረጥ ነውር ነው። አሁን ስሙም ስለሌለ ጥያቄው የወደፊት ነው። ከወዲሁ ይታሰብበት። የማስታወቂያ ሰሌዳውም ይነሳ።

ስድስተኛ፣ ያቀረባችሁልን አማራጭ። «ስሞቹ ብዙ ስለሆኑና ለአዲሱ በር ዲዛይን ስለማይመቹ በምትካቸው ‹ለአገራቸው ለወደቁ ጀግኖች ሁሉ› የሚል አንድ ጽሑፍ እናድርግ» ብላችኋል። አሳቡ መጥፎ አይደለም ያሉ ሰዎች ከእኛም መካከል ነበሩ። ተነጋገርንበት። ያልተቀበልነው በዚህ ምክንያት ነው።

«ሁሉም» ማለት ማንም ማለት ሊሆን ይችላል። «ሁሉም ጀግኖች» ተብሎ የተጻፈበት ድንጋይ ፊት የሚቆም ሰው የራሱን ሰው የቱ ጋ ያገኘዋል? ኮሪያ የዘመቱትን እንይ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተራ በተራ ዘምተዋል። ከ120 በላይ ወድቀዋል። አንድም አልተማረከም። ኮሪያውያን ቡሳን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መታሰቢያ መቃብር ውስጥ በዚያ ጦርነት የወደቁትን የየአገሩን ወታደሮች ስም የያዘ ግድግዳ ሠርተዋል። ከ40,000 በላይ ስም ነው። የእኛዎቹም አሉበት። አርባ ሺህ ስም ለዲዛይን አልከበዳቸውም። የደሴ ልጅ ስም ቡሳን ላይ ቆሞ ደሴ ላይ መጋዘን ውስጥ ተጥሎ ሲገኝ ምን ይባላል?

«በር ከመንገድ ጋር አብሮ አይሄድም» ላላችሁትም አንድ ምሳሌ አለ። ቤልጂየም ውስጥ ኢፐር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ የሜኒን በር የሚባል የሰማዕታት በር ይገኛል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1927 ተመረቀ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እዚያ ግንባር ሞተው መቃብራቸው ያልታወቀ ከ54,000 በላይ ወታደሮች ስም ተቀርጾበታል። መንገዱ በበሩ ሥር ነው የሚያልፈው። መኪናም ያልፋል፣ ብስክሌትም ያልፋል። ማታ ማታ በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት ሲሆን መኪናው ይቆማል፣ ጡሩምባ ይነፋል፣ ከዚያ መንገዱ ይከፈታል። ከእነዚያ ወታደሮች የአንዱ አጽም ተገኝቶ በስሙ ከተቀበረ ስሙ ከበሩ ላይ ይነሳል። ስሙ እዚያ የተጻፈው መቃብር ስላልነበረው ነውና። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። መቃብራቸውን ካገኛችሁልን ስማቸውን ከበሩ አንሱ፣ አንከራከርም።

እኛ በየማታው ጡሩምባ ይነፋልን አላልንም። ሚያዝያ 27 ቀን በዓመት አንዴ አበባ የምናስቀምጥበት ድንጋይ ይመለስልን ነው ያልነው።

ሰባተኛ፣ ዝርዝሩ። «የስሞቹ ቅጂ በኮምፒውተር ተይዟል፣ አትስጉ» ተብለን ነበር። ቅጂውን አየነው። የጻፈው ሰው ችኩል ነበር መሰለን። ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች አንድ ተደርገዋል። አንዱ ኦጋዴን፣ ሌላው ባድመ የወደቁ ናቸው። ወሎ ውስጥ ስም ይደጋገማል፤ ሰይድ ብለህ ብትጣራ ስንቱ ዞር ይላል። ለዚህ ነው እምነበረዱ ላይ የአያት ስም የነበረው። ኮምፒውተሩ ላይ አያት ተቆርጧል። ማዕረጉም ተምታቷል፤ ወታደሩ ሻምበል፣ ሻምበሉ ወታደር ሆኗል። በዚህ ዝርዝር አዲስ ድንጋይ ቢቀረጽ ስህተቱ ለዘላለም ነው።

ሕጉንም አይተናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት የታሪክና የባህል ቅርሶችን የመንከባከብ ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም አለ። አዋጁ የተመዘገበ የማይንቀሳቀስ ቅርስ ከቦታው የሚነሳው በጽሑፍ ፈቃድ እንደሆነ ይደነግጋል። «የእናንተ በር አልተመዘገበም» አላችሁን። ልክ ናችሁ፣ አልተመዘገበም። ያልተመዘገበው ግን ታሪክ ስለሌለው አይደለም። መጥቶ የመዘገበው ስለሌለ ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው።

1. እምነበረዶቹ በሙሉ ዛሬ ነገ ሳይባል ከዚያ እርጥብ መጋዘን ይውጡ። ተቆጥረው፣ ፎቶ ተነስተው፣ በሞዴል ገቢ ይደረጉ። ርክክቡ ላይ ከቅሬዎቹ ሦስት ሰው ይገኝ።

2. ወደ መናፈሻው መግቢያ ይመለሱ። መንገዱን መልሳችሁ አጥብቡ አላልንም። ከእግረኛው መንገድ በስተ ውስጥ፣ ከአዲሱ በር ግራና ቀኝ፣ ዓምዶቹ የሚቆሙበት በቂ ቦታ አለ። አንድ የሰፈራችን ልጅ መሐንዲስ ነው፤ ንድፉን በነጻ ሠርቶ አያይዞላችኋል። የተሰነጠቀው ድንጋይ ተጣብቆ ይቁም። ስንጥቁ ቢታይ አይከፋንም።

3. ጠፍተው ወይም ተሸርፈው እንደገና መቀረጽ ያለባቸው ስሞች ካሉ፣ መሮው ድንጋዩን ከመንካቱ በፊት ዝርዝሩ በየቅሬው ይነበብ። ቤተሰብ አይቶ ይፈርምበት። የአያት ስም አይቅር።

4. ለሚጨመሩ ስሞች ባዶ ድንጋይ ይተው። በቅርቡ ጦርነት ልጆቻቸው የወደቁባቸው ቤተሰቦች አሉ። ጥያቄያቸውን ካቀረቡ ቆይተዋል። «ጊዜው ገና ነው» ተብለዋል። ጊዜው መቼ እንደሆነ በጽሑፍ ይነገራቸው።

5. የብረት ተካፋቾቹ የት እንደደረሱ በሰነድ ይገለጽልን። ካሉ ይመለሱ። በአዲሱ በር ላይ ባይገቡ እንኳ ግድግዳው ላይ ተደግፈው መቆም ይችላሉ።

6. በሩ፣ ማለትም ከእሱ የተረፈው፣ በቅርስነት እንዲመዘገብ ለሚመለከተው አካል ደብዳቤ ጻፉልን። ማስረጃውን እኛ እናቀርባለን። አሮጌ ፎቶዎች አሉን፣ የቅሬዎቹ የመዋጮ ደብተር አለን፣ ያዩ ሽማግሌዎች አሉን። ሽማግሌዎቹ ግን ብዙ አይጠብቁንም፤ ቶሎ ይሁን።

7. የማስታወቂያ ሰሌዳው ከመግቢያው ላይ ይነሳ። የሰማዕታት ቤተሰቦች ያለ ክፍያ ይግቡ።

ወጪን በተመለከተ እጃችንን አጣጥፈን አልመጣንም። ቅሬዎቹ ተነጋግረዋል። ለሲሚንቶና ለአሸዋው እናዋጣለን። በያጆቹ የጉልበት ዋጋ አንጠይቅም ብለዋል። ከእናንተ የምንፈልገው ፈቃድ፣ ቦታና አንድ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ነው። ያ ሰው ማን እንደሆነ ስሙ፣ ቢሮ ቁጥሩ ይነገረን። ከዚህ በፊት አንዱ ወደ ሌላው ሲልከን፣ ሌላውም ስብሰባ ላይ ሲሆንብን ነው ነገሩ እዚህ የደረሰው።

መልሱ በጽሑፍ እንዲሆን እንጠይቃለን። የቃል ተስፋ ሰጥታችሁን አይተናል። «ለጊዜው ነው» የሚለውም የቃል ነበር። ሥራው ከመጪው ሚያዝያ 27 በፊት ቢጀመር በዚያ ቀን ቤተሰቡን ይዘን መጥተን አብረን እንሠራለን። ካልተጀመረም በዚያው ቀን በሩ ላይ እንገኛለን። አበባችንን ቲኬት መሸጫው ሥር እናስቀምጥና ስሞቹን ከወረቀት ላይ አንድ በአንድ እናነባለን። ለዚህ የሚያስፈልገውን የማሳወቂያ ደብዳቤ በጊዜው እናስገባለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የመናፈሻው አካባቢ የሰማዕታት ቤተሰቦችና የቀድሞ ሠራዊት አባላት ተወካይ፣
ጡረተኛ የሠራዊቱ ሬዲዮ ኦፕሬተር
ደሴ

አባሪ፦ የስሞቹ ዝርዝር ከነአያት ስም፣ የዓምዶቹ አሮጌ ፎቶዎች፣ የመልሶ ማቆሚያው ንድፍ

ግልባጭ፦
ለአካባቢው ቅሬዎች በሙሉ
ለደሴ ከተማ ነዋሪ